በትምህርት ዓመቱ አጋማሽ ስለሚቀርብ የመሸኛ ጥያቄ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ጥር 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የመንፈቀ ዓመቱን መረጃና ትምህርት አቋርጠው ወደ ሩጫ ውል ስለሚገቡ ተማሪዎች

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የአንደኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና በሰላም ተጠናቅቋል፤ የተማሪዎች ካርድ እንደተለመደው በሆም ሩም መምህራን በኩል ይሰጣል፤ የቤተ ሙከራው ጣሪያ ጥገናም አልቋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ግን ለዚህ አይደለም።

ትምህርት ቤታችን በኮተቤና በአካባቢው የሚኖሩ ልጆችን እንደሚያስተምር ታውቃላችሁ። ከእነዚህም መካከል ከገጠር መጥተው ከዘመድ ጋር ወይም ለሦስትና ለአራት ሆነው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሮጠው፣ ላባቸው ሳይደርቅ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል የሚገቡ አሉ። እንኮራባቸዋለን። ይሁን እንጂ ከኅዳር ወዲህ ወደ ቢሮዬ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ልጁ ማናጀር ስላገኘ መሸኛ ይሰጠን።» ጥያቄው በዚህ ወር የሚበረታበት ምክንያት አይጠፋኝም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በውጭ አገር የጎዳና ላይ ሩጫ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ፣ መልማዮች ልጆቹን የሚፈልጉት ልክ እኛ ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ስንጀምር ነው።

አቋማችንን በግልጽ ላስቀምጥ። ልጆቹ አይሩጡ አላልንም፤ ወደፊትም አንልም። ያልነው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ሩጫን መተዳደሪያው አያድርግ ነው። መሸኛ የሚሰጠው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ለሚዛወር ተማሪ ነው፤ ወደ ካምፕ የሚጻፍ መሸኛ የለም። ይህንን ለእያንዳንዱ ወላጅ በተናጠል ስናስረዳ ቆይተናል፤ አንዳንዶቻችሁም በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ በሌላ ሰው በኩል ልካችሁልናል።

«እነ ደራርቱ፣ እነ ጥሩነሽ በየትኛው ዲግሪ ነው ያሸነፉት?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ስለማውቅ ስብሰባውን ሳልጠብቅ እዚሁ ልመልሰው። ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2003 ፓሪስ ላይ በ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና 18 ዓመቷ ነበር። ሰለሞን ባረጋም እ.ኤ.አ. በ2018 ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ12 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሲጨርስ እንዲሁ 18 ዓመቱ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ከቶኪዮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ይዞ ተመልሷል። ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን የእነዚህን ልጆች ስም የምናውቀው ስለተሳካላቸው ነው። በዚያው ዕድሜ፣ በዚያው ተስፋ ከትምህርት ወጥተው ጉልበታቸው ታሞ ወይም ሰዓት አልመጣላቸው ብሎ የቀሩትን ስማቸውን ጠርቶ የሚሟገተኝ ወላጅ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ብዙዎቹ ግን የሚኖሩት እዚሁ ሰፈራችን ውስጥ ነው። ደግሞም ሁለቱ አትሌቶች በዚያ ዕድሜያቸው ስማቸው የተጠራው በመም ላይ፣ ማለትም በስታዲየም መሮጫ ላይ፣ በተደረገ ውድድር ነው እንጂ፣ ለእናንተ ልጆች እንደሚቀርበው በአሥራ ሰባት ዓመት ወደ አስፋልት ወጥቶ ግማሽ ማራቶን በመሮጥ አይደለም።

«ጉልበት አይጠብቅም፤ ዕድሜው ያልፍበታል» የሚለውም ተደጋግሞ ይነገረኛል። ታምራት ቶላ እ.ኤ.አ. በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው 33 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በርሊን ላይ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን 2:03:59 ያደረሰው በ35 ዓመቱ፣ ቀነኒሳ በቀለ እዚያው በርሊን ላይ 2:01:41 የሮጠው በ37 ዓመቱ ነው። ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ የተሰለፈችው በ800 ሜትር ነበር፤ በማራቶን 2:11:53 ገብታ ዓለምን ያስደነቀችው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ራሱ በውድድሩ ዓመት 20 ዓመት የማይሞላውን ወጣት በዓለም ሻምፒዮናም ሆነ በኦሊምፒክ ማራቶን አያሰልፍም። ታዲያ ሁለት ዓመት መጠበቅ የማይቻለው ስለ ማን ብለን ነው? ስለ ልጁ ከሆነ መጠበቅ ይቻላል። ለዚህ የውድድር ወቅት ሯጭ አምጣ የተባለው መልማይ ግን መጠበቅ እንደማይችል እረዳለሁ።

የሴቶቹን ነገር ለብቻ ማንሣት አለብኝ። በቂ ምግብ ሳያገኙ ከባድ ልምምድ የሚሠሩ ልጃገረዶች የወር አበባቸው እንደሚቋረጥ፣ አጥንታቸው እንደሚሳሳና በቀላሉ እንደሚሰነጠቅ የስፖርት ሐኪሞች ዘወትር የሚናገሩት ነው። ይህ የጥንካሬ ምልክት ነው ብሎ ለልጅ የሚነግር አሠልጣኝ ካለ፣ እባካችሁ ልጃችሁን ከእሱ አርቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር ልምጣ፤ እውነት ለመናገር እኔንም የሚያስጨንቀኝ ይኸኛው ነው። «አስተምረን ምን እናገኛለን? ከመቶ ሦስት ልጅ ነው የሚያልፈው» ትሉኛላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ መሆናቸው እውነት ነው። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ይህም ቢሆን የሚያኮራ ቁጥር አይደለም፣ እኔም እንደ ርዕሰ መምህር በዚህ ቁጥር ፊት ደረቴን አልነፋም። ነገር ግን የፈተናው ውጤት ዝቅተኛ መሆኑ የሩጫውን ዕድል ከፍ አያደርገውም። ፈተናውን ያላለፈ ልጅ 12ኛ ክፍልን መጨረሱን የሚያሳይ ማስረጃ በእጁ ይቀራል፤ በሱ ሪሚዲያል ሊገባ፣ ቴክኒክና ሙያ ሊማር፣ ሥራ ሊያመለክት ይችላል። በሩጫው ካልቀናው ደግሞ ያው ማስረጃ መመለሻው ነው፤ ከቀናውም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እየሮጠ በነጻ የመማር ዕድል የሚከፈተው ሁለተኛ ደረጃን ለጨረሰ ብቻ ነው። በ11ኛ ክፍል የወጣ ልጅ ከሁለቱም የለበትም።

ስለ ገንዘቡ። የብዙዎቻችሁን ኑሮ አውቃለሁ፤ ልጁ የቤቱ ተስፋ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ገንዘብ አትፈልጉ የሚል ስብከት አልሰብክም። የምጠይቀው ሒሳቡ በሙሉ እንዲሠራ ነው። በቦስተን ማራቶን አንደኛ የወጣ 150,000 ዶላር፣ ሁለተኛው 75,000 ዶላር ያገኛል፤ ከዚያ በታች ሽልማቱ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከአሥረኛ በኋላ ደግሞ በዋናው ዝርዝር ውስጥ ምንም የለም። ከተገኘውም ላይ አሜሪካ ውስጥ ለውጭ ዜጋ በተለምዶ 30 በመቶ ግብር ይቆረጣል፤ የማናጀር ድርሻ ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛና የካምፕ ወጪ ይታሰባል፤ ክፍያውም የአበረታች ቅመሞች ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ወራት ሊቆይ ይችላል። ይህ ስለ ቦስተን ነው፤ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የሚቀርቡት ውድድሮች ቦስተን አይደሉም።

በቅርቡ አንድ አባት የልጃቸውን ውል ይዘው መጥተው የእንግሊዝኛ መምህራችን እንዲያነቡላቸው ጠየቁ። ወረቀቱ ልጁን ለአምስት ዓመት ለአንድ ወገን ያስራል፤ የቤት ኪራይና የቀለብ ወጪ ከመጀመሪያው ሽልማት እንደሚቀነስ ይላል፤ ልጁ ቢታመም ማን እንደሚያሳክመው ግን አንድ መስመር የለውም። አባትየው ፈርመው ነበር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው አካለ መጠን ያላደረሰ ነውና፣ የሚፈለገው ፊርማ የእናንተ እንደሆነ እባካችሁ አስቡበት። ልጁስ ቢሆን የተሰጠውን መርፌና እንክብል ስም ማንበብ ካልቻለ ማን ያነብለታል? በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ በሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር የሚጠየቀው አትሌቱ ራሱ ነው፤ «የሰጡኝን ወሰድሁ» ማለት ነጻ አያወጣውም።

«ዋንጫ ሲያመጡላችሁ ግን ትቀበላላችሁ» ለምትሉን፣ አዎን፣ እንቀበላለን፤ ዋንጫዎቹም ቢሮዬ ውስጥ ናቸው። በትምህርት ቤቶች ውድድር የሮጠ ልጅ በማግስቱ ክፍሉ ይገባል፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ድርድር የለም። የልደት ዘመን «ይስተካከልልን» ብላችሁ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞቻችን የምታቀርቡትን ጥያቄ ዛሬውኑ እንድታቆሙ በትሕትና እጠይቃለሁ። በካርዱ፣ በፋይዳውና በፓስፖርቱ ላይ ሦስት የተለያየ ዕድሜ ያለው ልጅ የኋላ ኋላ የሚታገደው ራሱ ነው፤ ሠራተኞቻችንም በእናንተ ጥድፊያ ሥራቸውን ማጣት የለባቸውም። ሰነዱን ለማስተካከል ሕጋዊ ምክንያት ያለው ወላጅ መንገዱ ፍርድ ቤትና ወሳኝ ኩነት ነው።

በእኛ በኩል የምንችለውን እናደርጋለን። የጠዋት ልምምድ ያለባቸው ተማሪዎች በክለባቸው ወይም በአሠልጣኛቸው ደብዳቤ እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንዲገቡ እንፈቅዳለን፤ በብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ወይም በክለብ ለውድድር ለተጠሩ ያመለጣቸውን ፈተና እናካክሳለን፤ ለ12ኛ ክፍሎች የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጣለን። ይህ አይበቃም የምትሉ ወላጆች ምን እንደሚበቃ በጽሑፍ ብታቀርቡ እናየዋለን፤ «ልቀቁት» የሚለው ግን ሐሳብ ሆኖ አይመዘገብም።

ጉዳዩን በጋራ ለመነጋገር ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በሚጀምርበት ሳምንት ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቷል። ውል የፈረማችሁ ካላችሁ ቅጂውን ይዛችሁ ኑ፤ የእንግሊዝኛና የሥነ ዜጋ መምህራኖቻችን አብረዋችሁ ያነባሉ፤ ክፍያ የለውም። ባለፈው ስብሰባ «አጎት ነን» ብለው የገቡ፣ የልጁን የክፍል ደረጃ ሲጠየቁ ግን ያላወቁ ሰዎች ስለነበሩ፣ በዚህኛው የሚገባው የልጁ የተመዘገበ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ብቻ መሆኑን፣ መታወቂያም በር ላይ እንደሚጠየቅ ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር