ለደንበኞቻችን፦ የድሮ የጦር ሠራዊት ሽጉጥ ከመምረጥዎ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

የድሮ የጦር ሠራዊት ሽጉጥ ለመግዛት የሚጽፉልን ሰዎች ጥያቄያቸውን አብዛኛውን ጊዜ በስም ይጀምራሉ፦ «ኮልት ይሻላል ወይስ ብራውኒንግ?» እኛ ግን ከጥይቱ መጀመርን እንመርጣለን። ቀጥሎ የገዢው እጅ፣ ከዚያም ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ያ አንድ ሽጉጥ ያለበት ሁኔታ ይታያል። ስሙ ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፈቃድና ምዝገባ በሚኖሩበት ቦታ ሕግ የሚወሰኑ ስለሆኑ እዚህ አንገባባቸውም፤ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ፈቃዱ በእጅዎ ይኑር።

«ኮልት» የሚባለው ኤም 1911 የሚተኩሰው 45 ኤሲፒ የተባለውን ጥይት ነው። እርሳሱ፣ ማለትም በአፈሙዝ የሚወጣው የጥይቱ ጫፍ፣ 15 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በሴኮንድ 255 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከባድና ዝግ ያለ ነው። ብራውኒንግ ሃይ ፓወር፣ ዋልተር ፒ 38፣ ሲዜድ 75 እና ቤሬታ 92 በ9×19 ይሠራሉ (ቁጥሮቹ የጥይቱ ውፍረትና የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር፣ በግምት ናቸው)። ቶካሬቭ ቲቲ 33 የሚጎርሰው 7.62×25፣ ማካሮቭ ደግሞ 9×18 ነው። ከነዚህ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው 9×19 ነው። ብዙ ለመተኮስ ያሰበ ሰው ምርጫው እዚህ ላይ ሊያልቅለት ይችላል።

«ሁሉም ዘጠኝ ነው» ብሎ መግዛት ግን አደጋ አለው። የ9×19 እርሳስ ውፍረቱ 9.01 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የማካሮቩ 9.27 ነው። ሁለቱ አይተካኩም። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ለገበያ ከተሠሩ ማካሮቮች አንዳንዶቹ ለ9×17 የተዘጋጁ መሆናቸው፣ ለ9×19 የተሠሩ የቶካሬቭ ዝርያዎችም መኖራቸው ነው። ስለዚህ ሻጩ የሚለውን ሳይሆን ቧንቧው ወይም ስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደው የላይኛው ክፍል) ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ። 7.62×25 ከድሮው 7.63 ማውዘር ጋር በመጠን መንትያ ለማለት ጥቂት የቀረው ነው፤ አንዱ በሌላው ቤት ይገባል። ለቶካሬቭ የተሞላው ጥይት ግን ኃይለኛ ነውና መቶ ዓመት በተጠጋው ማውዘር ሲ 96 ውስጥ አይተኮስ።

ወደ እጅ እንምጣ። ሽጉጡን በመደበኛ አያያዝ ይጨብጡና የጠቋሚ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ምላጩ ላይ ያለ ትግል መድረሱን ይዩ። ለመድረስ እጅዎን እጀታው ላይ ማዞር ካስፈለገዎት ያ ሽጉጥ ለእርስዎ አልተሠራም። ጣቱ አጭር የሆነ ሰው ከመጀመሪያው 1911 ይልቅ በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሻሻለውን ኤ 1 ይሞክር፤ ምላጩ አጥሯል፣ ከምላጩ ጀርባ ያለው ፍሬም (የሽጉጡ አካል) በሁለቱም ጎን ተጎድጉዷል። መዳፋቸው ሥጋ የሞላ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፦ በሃይ ፓወርና በቀድሞው 1911 ላይ መዶሻው ወደ ኋላ ሲሄድ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ ይነክሳል። አንድ ካዝና (እጀታው ውስጥ የሚገባው የጥይት መያዣ) ተኩሶ ቆዳው የሚላጥበት ሰው አለ። ስላይዱን ወደ ኋላ ለመሳብ ጉልበት የሚያንሰው ሰው ሲዜድ 75ን ከመግዛቱ በፊት ይሞክረው። ስላይዱ የሚሄደው በፍሬሙ ውስጥ ስለሆነ ለጣት የሚተርፈው ገጽ ጠባብ ነው። ያው አሠራር ሽጉጡን ሚዛናዊና ዝቅ ያለ ያደርገዋል፤ የምንወደውም ለዚህ ነው።

ስለ እያንዳንዱ ጥቂት እንበል። በጆን ብራውኒንግ የተነደፈውን ኤም 1911ን የአሜሪካ ጦር በ1911 ተቀብሎ በ1985 በቤሬታ እስኪተካው ድረስ ዋና ሽጉጡ አድርጎታል። ባዶውን 1.1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቧንቧው 127 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካዝናው 7 ጥይት ይይዛል። ምላጩ የሚሠራው መዶሻው አስቀድሞ ሲነሣ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ፋብሪካ ስለሠራው መለዋወጫ አይቸግርም። የሚያስቸግረው ተለዋዋጭነቱ ነው፤ ከሦስት ሽጉጥ ተለቃቅሞ የተገጣጠመ 1911 ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ሃይ ፓወር በ1935 ቤልጂየም ውስጥ ኤፍኤን ከተባለው ፋብሪካ ወጣ። ብራውኒንግ የጀመረውን ሥራ የጨረሰው ዲዩዶኔ ሴቭ ነው። 13 ጥይት በድርብ ረድፍ የሚይዝ ካዝና ስላለው እጀታው ወፍራም ይመስላል፤ ሲይዙት ግን እጅ ውስጥ ይቀመጣል። ካዝናው ሲወጣ ምላጩን የሚያግድ ክፍል አለው። ይኸው ክፍል የምላጩን ጉዞ ሻካራ ያደርገዋል፤ የሚያማርሩትም ብዙዎች ናቸው። ኤፍኤን በ2022 በዚሁ ስም ያወጣው አዲስ ሽጉጥ ንድፉ ሌላ ስለሆነ የድሮው ክፍሎች አይገጥሙትም። ካዝና ሲያዙ ይህን ይግለጹልን።

ፒ 38 እና ቤሬታ 92 ዘመዳማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ስላይዱን ከቧንቧው ጋር የሚቆልፉት ከቧንቧው ሥር በሚወርድ ትንሽ ብረት ነው። በሁለቱም ላይ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው የዚያ ብረት ጆሮ ስለሆነ አውጥተው በማጉያ መነጽር ይዩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራው የፒ 38 ተከታይ ፒ 1 አሉሚኒየም ፍሬም አለው፤ ባለ ስድስት ማዕዘን የብረት ማጠናከሪያ የተገጠመለትን ይምረጡ። የፒ 38ን መዶሻ ማውረጃ ጥይት ቤቱ ባዶ ካልሆነ በቀር አይመኑ። ክፍሎቹ ሲያልቁ መዶሻው በእውነት ይመታል። ቤሬታ 92 ሲገዙ ኤፍኤስ የሚለውን ይፈልጉ፤ ስላይዱ ቢሰበር እንኳ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይወረወር የመዶሻው ፒን ራስ ሰፍቶ የተሠራው እሱ ላይ ነው።

ቶካሬቭ ቀጭን፣ ጠንካራና ለመፍታት ቀላል ነው፤ መዶሻውና ተያያዥ ክፍሎቹ እንደ አንድ ሳጥን ተነቅለው ይወጣሉ። ሲፈጠር ግን የእጅ መቆለፊያ የለውም፤ ያለው የመዶሻው ግማሽ እርከን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥይት ቤቱን ባዶ አድርገው ካልያዙት በቀር አይያዙት። ማካሮቭ በ1951 አገልግሎት ላይ የዋለ፣ 730 ግራም የሚመዝንና 8 ጥይት የሚይዝ ነው። ቧንቧው ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ በመሆኑ ከመጠኑ በላይ በትክክል ይመታል። ከዝርዝሩ ውስጥ ችግር የማያበዛው እሱ ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። ካዝናውን ያውጡ፣ ስላይዱን ወደ ኋላ ስበው ይቆልፉ፣ ጥይት ቤቱን በዓይንዎ ይዩ፣ ከዚያም በትንሽ ጣትዎ ይዳስሱ። ሻጩ ፊትዎ ላይ አይቶት ቢሆንም ይድገሙት።

ነጭ ወረቀት ቁራጭ በቀለህ መውጫው በኩል ያስገቡና በእጅ ባትሪ ያብሩበት፤ በአፈሙዙ በኩል ይመልከቱ። ጠመዝማዛ ቦዮቹ ጠርዛቸው ስለት ይኑረው። ጥቁር ነጠብጣብ የመሰለ የዝገት ጉድጓድ ካለ ያስተውሉ፤ ጥቂት ቢሆን ዒላማውን ብዙም አያስተው፣ ግን ዋጋ ይቀንሳል። የማይታለፈው ጥቁር ቀለበት ነው። ቧንቧውን ዙሪያውን የሚከብ ጥላ ካዩ በውጭ በኩል በጣትዎ ይዳስሱት፤ እብጠት ካለ ሲተኮስ እርሳስ ተሰንቅሮበት ከኋላው ሌላ ተተኩሶበታል ማለት ነው። ያ ቧንቧ ይጣላል።

1911 ላይ ስላይዱ ተዘግቶ ሳለ ቀለህ መውጫው ላይ የሚታየውን የቧንቧ ክፍል በአውራ ጣትዎ ወደ ታች ይጫኑ። ከሰመጠ ማያያዣው አልቋል። ከዚያ ይፍቱትና ቧንቧው አናት ላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ይዩ። ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሁን እንጂ እንደ ታኘከ አጥንት የተጠጋጋ አይሁን። ፍሬሙ ላይ፣ ከስላይድ ማቆሚያው ቀዳዳ በላይ ባለው ቀጭን ሐዲድ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ቢያገኙ አይደንግጡ። ዛሬ አንዳንድ አምራቾች ያን ቦታ ራሳቸው ቆርጠው ያወጡታል። ስላይዱ ላይ የተገኘ ስንጥቅ ግን የትም ይሁን የት ሽጉጡን ለመመለስ ይበቃል።

ቀጥሎ የመቆለፊያ ፈተና፤ ባዶነቱን ዳግም አይተው። ይህ የሚሠራው መዶሻው ተነሥቶ ሳለ በሚቆለፉት በ1911፣ በሃይ ፓወርና በሲዜድ 75 ላይ ነው። መዶሻውን ያንሡ፣ መቆለፊያውን ይዝጉ፣ ምላጩን በደንብ ይሳቡ፤ መዶሻው መውደቅ የለበትም። ምላጩን ይልቀቁ፣ መቆለፊያውን ይክፈቱ፤ አሁንም መውደቅ የለበትም። ከወደቀ ወይም «ጭክ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ምላጩ በተሳበ ጊዜ የመዶሻው መያዣ ከቦታው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። የ1911ን የእጀታ መቆለፊያ ሳይጨብጡ ምላጩን በመሳብ ይፈትኑት። መዶሻውን አንሥተው በአውራ ጣትዎ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፉት ከወደቀ፣ አንድ ሰው ምላጩን ለማለስለስ በሞረድ ገብቶበታል። በእንዲህ ያለ ሽጉጥ አይደራደሩ። በሃይ ፓወር ላይ እነዚህን ሁሉ ሲሠሩ ባዶ ካዝና ያስገቡ፤ አለበለዚያ ምላጩ «ተበላሽቷል» ብለው ይደመድማሉ። ስላይዱን ባዶ ቤት ላይ በኃይል አይልቀቁ፤ በእጅዎ ይዘው ይመልሱት።

ከመጋዘን በግራሶ ተነክሮ የወጣ ማካሮቭ ከሆነ አንድ ነገር ከሁሉ ይቅደም። መምቻ መርፌው ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለውም፤ ልቅ ነው። የደረቀ ግራሶ ወደ ፊት ካጣበቀው ስላይዱ ሲዘጋ ብቻ ጥይቱ ሊፈነዳ ይችላል። ስላይዱን አውጥተው ጆሮዎ አጠገብ ይነቅንቁት፤ መርፌው ሲንኳኳ መሰማት አለበት። ዝም ካለ መቆለፊያውን ከመደበኛው ቦታ አሳልፈው ወደ ላይ በማዞር ወደ ጎን ይሳቡት፤ መርፌው ራሱ ይወድቃል። ጉድጓዱን በማሟሟቻ ያጥቡት፣ ያድርቁት፣ ዘይት አይጨምሩበት። ሲመልሱ ስላይዱን ወደ ፊት የሚመልሰው የዋናው ሞላ ጠበብ ያለው ጫፍ ቀድሞ ቧንቧው ላይ ይገባል።

ሞላዎችን በተመለከተ፣ ታሪኩ የማይታወቅ ሽጉጥ በገዙ ቀን ዋናውን ሞላ ይቀይሩ። ለ1911 የተለመደው 16 ፓውንድ፣ ለሃይ ፓወርና ለማካሮቭ 17 ፓውንድ ነው። «ጠንካራ ይሻላል» ብለው 20 አያስገቡ፤ ስላይዱ ሙሉ ርቀቱን ሳይሄድ ይመለሳል፣ ቀለህም መውጫው ላይ ቆሞ ይቀራል። የደከመው ደግሞ ስላይዱ ፍሬሙን እንዲደበድብ ያደርጋል። አሮጌውን ከአዲሱ አጠገብ ያስተኙት፤ ጉልህ አጥሮ ካገኙት መልሱን አግኝተዋል።

ጥይት አልጎርስ የሚል ሽጉጥ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው ካዝናውን ነው። ጥይቱን ከላይ የሚይዙት ከንፈሮቹ ተከፍተው ወይም ታጥፈው ይገኛሉ። ሽጉጡን ሲገዙ ቢያንስ ሦስት ካዝና ያስቡ፤ ቁጥር ይስጧቸውና የሚያስቸግረውን ይለዩ። የድሮ የጦር 1911 እና የቀድሞ ሃይ ፓወር መጎረሻቸው (ጥይቱ ወደ ቤቱ የሚገባበት ተዳፋት) የተቀረጸው አፍንጫው ክብ ለሆነ፣ ሙሉ ለሙሉ በብረት ለተሸፈነ እርሳስ ነው። አፉ ክፍት የሆነ እርሳስ ቢቆምባቸው ጉድለት አይደለም፤ መጎረሻውን ለማለስለስ ግን አይቸኩሉ። 1911 ላይ ጥይት በእጅ ቤቱ ውስጥ ጥለው ስላይዱን አይልቀቁበት። ቀለህ ጎታቹ ጥፍር ራሱ ሞላ ስለሆነ ይጣመማል፣ ከዚያም ቀለህ መሳብ ይሳነዋል።

የመጀመሪያው ተኩስ በሁለት ጥይት ብቻ ይሁን። አንድ ጊዜ ምላጭ ሲሳብ ሁለቱም ከወጡ ያቁሙና ይመልሱልን። ደህና ከሆነ 50 ጥይት ይተኩሱ፤ የወደቁትን ቀለሆች ይሰብስቡ። ካፕሱሉ (ከቀለሁ ግርጌ ያለው ተቀጣጣይ ክፍል) ላይ ያለው ምት መሐል ላይ ይሁን፣ የቀለሁም ግድግዳ አይበጥ።

በርካሽ የሚገኘው የድሮ የጦር ጥይት፣ በተለይ 7.62×25፣ ካፕሱሉ ጨው የሚያስቀር ሊሆን ይችላል። ጨው በዘይት አይሟሟም፤ በውኃ ነው። በዕለቱ ቧንቧውን በሙቅ ውኃ ያጥቡ፣ ያድርቁ፣ ከዚያ ዘይት ይቀቡ። ዘይት ብቻ ቀብቶ ያስቀመጠ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ቀይ ቧንቧ ያገኛል።

ለስብስብ የሚገዛ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። እሱ የሚከፍለው ለተመሳሳይ መለያ ቁጥሮችና ላልተነካ ቀለም ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ጽሑፉ በብርጭቆ ወረቀት የደበዘዘ ሽጉጥ ቢያበራም ዋጋው ወድቋል። ለመተኮስ ለሚገዛ ሰው ያው ሽጉጥ ግሩም ዕድል ነው፤ ሌላው የናቀውን በርካሽ ይወስዳል። ስለዚህ ሲጽፉልን ከሁለቱ የትኛው እንደሆኑ አስቀድመው ይንገሩን። ከዚያ የሚፈልጉትን ጥይት፣ ከመዳፍዎ መጀመሪያ እስከ መሐል ጣትዎ ጫፍ ያለውን ርዝመት በሚሊ ሜትር፣ ግራኝ ከሆኑም ይህንኑ ይጨምሩ። ሽጉጡን ለፍተሻ ሲያመጡ ካዝናዎቹን በሙሉ ይዘው ይምጡ፤ ጥይቱን ግን በተለየ ማሸጊያ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሽያጭና የጥገና ክፍል