ሮለር ኮስተሩ ይቆየን፣ ፈረሱ ይቅደም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

እንዴት ከረማችሁ? እኛ ጅማ ደህና ነን፣ ዝናቡ ብቻ አልለቅ ብሎናል እንጂ። በቀደም ያወጣችሁትን የአንድ የከተማችን ልጅ ደብዳቤ አነበብኩት፣ ጅማን የምታህል ከተማ እንዴት አንድ ትልቅ መዝናኛ ፓርክ አይኖራትም፣ ሮለር ኮስተር (ያ በሀዲድ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚወረወረው) ይተከልልን፣ ያ አየር ላይ የሚያዞረው ትልቁ ጎማ ይምጣልን የሚለውን። ልጁ እውነቱን ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችን መሄጃ አጥተው ወይ ስልክ ላይ ናቸው ወይ አስፋልት ላይ። ማሽኑ ጋ ስደርስ ግን ትንሽ ሳቅ አልኩ፣ ምክንያቱም እኔ ዓለም የሚያወራለትን መዝናኛ ፓርክ ሄጄ ሰንብቼበት አንድም ማሽን ላይ ሳልወጣ የተመለስኩ ሰው ነኝ፣ ደሞ በጣም ተደስቼ ነው የተመለስኩት። እና ያየሁትን ልናገር ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት (ብዕር እንኳን አይደለም፣ ዓይኔ ስክሪን አልችል ስላለ የጎረቤቴ ልጅ ናት እየነገርኳት ስልክ ላይ የምትጽፍልኝ፣ ስህተት ካለ የሷ ነው)።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ አሜሪካ ነው የምትኖረው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ልጠይቃት ስሄድ "እማዬ፣ እዚህ ድረስ መጥተሽ ሶፋ ላይ ቁጭ ብለሽማ አትመለሺም" ብላ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ፍሎሪዳ ይዛኝ ሄደች፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው ቦታ። ቦታ ስላችሁ አንድ ግቢ እንዳይመስላችሁ፣ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ነው፣ ውስጡ አራት ትልልቅ ፓርክ አለ፣ ሁለት የውሃ ፓርክ አለ፣ ሆቴሉ ከሃያ በላይ ነው፣ ሐይቅ አለ ጫካ አለ ጎልፍ ሜዳ አለ፣ ከላይ በአንድ ሀዲድ ብቻ የሚሄድ ባቡር ሁሉ አለው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የአንድ ቀን መግቢያ ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ወደ ብር መንዝሩትና እናንተው ደንግጡ፣ እኔ ደንግጬ ጨርሻለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ገባን። በየማሽኑ በር ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ልቡን የሚያመው፣ ወገቡን አንገቱን የሚያመው፣ ነፍሰ ጡር የሆነች አትሳፈር ይላል። እኔ ከነፍሰ ጡሯ በቀር ሁሉም ነኝ። ትንሹ ልጅ ልጄ ማሙሽ ደግሞ ያኔ አምስት ዓመቱ ነው፣ በር ላይ ቁመት የሚለኩበት ነገር አለ፣ ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ማሽን ለምሳሌ 112 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፣ የኔ ጌታ በጫማ ጫፍ ቆሞ ሁሉ አልደረሰም። እህቱ ገባች እሱ ቀረ፣ ያለቀሰውን ለቅሶ ብታዩ የሰው ቤት የተቃጠለ ነው የሚመስለው። በቃ እኔና እሱ አግዳሚ ላይ፣ እኔ ቦርሳ ጠባቂ እሱ የኔ ጠባቂ ሆነን ዋልን። እነሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰልፈው ሦስት ደቂቃ ጮኸው ይወጣሉ፣ ደግሞ ሌላ ሰልፍ። ሰልፍ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ ለዘይትም ለስኳርም ቆመናል፣ ከፍሎ ለመጮህ መሰለፍ ግን ያኔ ነው ያየሁት።

በማግስቱ እምቢ አልኩ፣ እኔና ማሙሽ እዚሁ ሆቴል እንቀራለን፣ የኛን የትኬት ብር አትርፉት አልኳቸው። ልጄ ተቀየመች፣ አማቼ ግን ውስጥ ውስጡን ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ አይቻለሁ (ሂሳቡን የሚያውቀው እሱ ነዋ)። ሪሴፕሽን ስንጠይቅ የቀኑን ፕሮግራም የያዘ ወረቀት ሰጡን፣ እኔ ሆቴል ማለት መኝታና ቁርስ ነው የሚመስለኝ፣ ወረቀቱ ግን ከጠዋት እስከ ማታ በሰዓት በሰዓት የተሞላ ነው። ገንዳ ዳር የልጆች ጨዋታ፣ ጥያቄና መልስ፣ ነጭ ቲሸርት ቋጥረው ቀለም የሚያስነክሩበት፣ ማታ ውጭ ሜዳ ላይ ሲኒማ። ቲሸርቱ ይከፈልበታል፣ አብዛኛው ግን ሆቴል ላደረ ሰው በነፃ ነው። ልጆች ደሞ አንገታቸው ላይ በማሰሪያ የደረደሩትን ትንንሽ ፒን (ልብስ ላይ የሚሰካ ጌጥ) ከሠራተኞቹ ጋር ይለዋወጣሉ፣ አንድ ትሰጣለህ አንድ ትመርጣለህ፣ እኛ ድሮ ቆርኪና ብይ እንደምንቀያየረው ማለት ነው፣ ማሙሽ በአንድ ቀን ነጋዴ ሆኖ አረፈው።

ገንዳው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ወደ ጅማ ስመለስ ስለምፈልገው። አንደኛው ጫፍ እንደ ባህር ዳርቻ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፣ የአምስት ዓመት ልጅም የኔ ዓይነት ጉልበቷ የሚያማትም እየተራመዱ ይገባሉ። ጥልቀቱ ጠርዙ ላይ ተጽፏል። ላይፍ ጋርዶቹ፣ ዋናተኛ ጠባቂዎቹ ማለት ነው፣ ወጣቶች ናቸው፣ ዓይናቸው ከውሃው አይነቀልም፣ በየጊዜው እየተቀያየሩ ያርፋሉ፣ አንዱም ስልክ ሲነካ አላየሁም። ከሰዓት ላይ መብረቅ ያለው ዝናብ ሲመጣ ፊሽካ ነፍተው ሁሉንም አስወጡ፣ ውጭ ያሉት ማሽኖችም በዚያ ሰዓት ይቆማሉ አሉ፣ እኛ ግን ታዛ ስር ካርታ ተጫወትን።

ሦስተኛው ቀን ነው ዋናው። ፎርት ዊልደርነስ የሚባል የድንኳን ሰፈር አላቸው፣ ጥድ ጫካ ውስጥ፣ ፓርኩ ጥቅምት ላይ ተከፍቶ ይሄኛው ኅዳር ላይ የተከፈተ ነው፣ ያው በፈረንጆቹ 1971። እዚያ ብስክሌት ይከራያል፣ ታንኳ ይቀዘፋል። ከብቶች እንዳሉበት ሰፈር የሚሸት ነገር ሸተተኝና ተከትዬ ስሄድ የፈረሶች በረት፣ ፓርኩ ውስጥ ሠረገላ የሚጎትቱት ግዙፎቹ ፈረሶች የሚያድሩበት፣ ገብቶ ለማየት አይከፈልም። ድንክ ፈረስ ላይ መቀመጥ ነው የሚከፈለው፣ እሷ ላይ ደሞ የሚወጣው ትንሽ ልጅ ብቻ ነው፣ ቁመቱ ካለፈ አይፈቀድለትም! ማሙሽ ይሄን ሲሰማ የሆነውን መሆን ልነግራችሁ አልችልም፣ ከትናንት ወዲያ አጭር ነህ ተብሎ የተባረረ ልጅ ዛሬ አጭር ስለሆነ ተመረጠ፣ ማታ እህቱን "አንቺ አትችዪም፣ በጣም ረጅም ነሽ" ሲላት ነበር።

ዓሣም አጠመድን። የቀርከሃ ዘንግ ጫፉ ላይ ክርና መንጠቆ፣ ምንም ማሽን የለውም፣ ይሄ እኮ ወንዝ ዳር ያደገ የኛ አገር ልጅ ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። ማሙሽ አንድ ትንሽ ዓሣ ያዘ፣ እኔ በልቤ ለጉላሽ አሰብኩት፣ ወዲያው ወደ ውሃው መልሱት አሉን፣ ሕጉ ነው፣ የተያዘ ይለቀቃል። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ደግሞ ክልክል ነው፣ አዞና እባብ አለ የሚል ምልክት ዳር ዳሩን ተተክሏል።

ሲመሽ እሳት ያነዳሉ። ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል፣ አንድ ልጅ ጊታር ይዞ ያዘፍናል፣ የካርቱን ሽኮኮ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጥተው ከልጆች ጋር ይጨፍራሉ፣ ሕፃናቱ ማርሽማሎው የሚባል ጥጥ የመሰለ ጣፋጭ በእንጨት ሰክተው ይጠብሳሉ። ጣፋጩን ከቤት ይዞ መምጣት ይቻላል፣ እሳቱ የነሱ ነው፣ በነፃ። እኔ እንግዲህ የበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ ነው የናፈቀኝ፣ ማርሽማሎውማ ጥርሴ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ከዚያ ሐይቁ ዳር ወጣንና በጨለማው ውሃ ላይ መብራት የተሠራበት ዓሣ ነባሪ፣ ዘንዶ፣ ኤሊ በጀልባ ተጎትቶ ከነሙዚቃው ሲያልፍ አየን፣ ይሄም ከተከፈተበት ዓመት ጀምሮ የሚታይ ነው አሉ። ማሙሽ እቅፌ ውስጥ ተኛ።

ባቡሩንና በሐይቁ ላይ ከሆቴል ሆቴል የሚያመላልሱትን ጀልባዎች ያለ ትኬት ተሳፍረናል። አንድ ቀን ደግሞ አኒማል ኪንግደም ሎጅ የሚባለው ሆቴል ሄድን፣ በረንዳው ላይ ቆመህ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሣር ሲግጡ ታያለህ፣ እዚያ ባታድርም ገብተህ ማየት ትችላለህ። ከአፍሪካ ተነስታ ፍሎሪዳ ድረስ ሄዳ ቀጭኔ ያየች ሴትዮ ብላችሁ ሳቁብኝ፣ እኔም ስቄያለሁ። ቡናቸውን ግን አታንሱብኝ፣ የጅማ ሰው ነኝ።

ቆይቶ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ እነዚህ ሰዎች ቢዝነስ ነው የሚሠሩት፣ ሞኞች አይደሉም። ማሽን ብቻ ቢኖር ሰው አንድ ቀን ይጮህና ይሄዳል፣ እግሩ የደከመው፣ አያቱን ይዞ የመጣው፣ ሕፃን የያዘው አምስት ቀን የሚያድረው በገንዳው በፈረሱ በእሳቱ ምክንያት ነው። ጎልፍ ሜዳውንም የድንኳን ሰፈሩንም ከፓርኩ ጋር በዚያው ዓመት የሠሩት ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደኛ ልምጣ። ለጅማ ማሽን ይምጣ ያልከው ልጄ፣ ማሽኑ ሲበላሽስ? ስሙን የማልጠራው የሌላ ከተማ መጫወቻ ቦታ ከእህቴ ልጆች ጋር ሄጄ ትልቁ ማሽን ሸራ ለብሶ ቆሞ ነው ያገኘሁት፣ መለዋወጫው በዶላር ነው፣ ዶላሩ እስኪገኝ ነው አሉን፣ በዓመቱ ስሄድ ሸራውም ተቀዷል። የኛ ከተማ ዝናብ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ብረት አያስቀርም።

ፈረስ ግን አይዝግም። አባ ጅፋር የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው እኮ፣ ንጉሡ በፈረሳቸው ነው የተጠሩት። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ዛሬም አለ፣ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ጉብኝት ተሰልፈው ገብተው ተሰልፈው ይወጣሉ፣ ከውጭ ያለው ሜዳ ላይ አንድ ረጋ ያለ ፈረስ፣ አንድ ባለቤት፣ አንድ ኮርቻ ቢኖር ምን ይጎዳል? የጋሪ ከተማ ነበርን፣ ባጃጁ መጣና ፈረሶቹ ሥራ ፈቱ፣ ባለጋሪዎቹም እንደዚያው። ቅዳሜና እሁድ ልጅ ቢያሳፍሩ እንጀራ ነው።

አዌቱ ወንዝ ዳርም አሁን እየተጸዳ እየተሠራ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን አበባና መብራት ብቻ ከሆነ ሰው ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ባርጩማ ደርድሩበት፣ የጅማ ባርጩማ አገር ያወቀው ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንጨት ጠራቢዎቹ እዚያው ቁጭ ብለው ይሥሩ፣ ልጆች ይዩ፣ መሮውን ይሞክሩት። ገበጣ አስቀምጡ። በቆሎ ጠባሿን አታባርሯት፣ እሳቷ የኛ የማታ ፕሮግራም ነው። ቦዬ ረግረጉ ላይ ጉማሬ አለ፣ ሰው ግን የት ቆሞ እንደሚያይ አያውቅም፣ ውሃው ጫፍ ድረስ ይሄዳል፣ ጉማሬ ደግሞ ቀልድ አያውቅም፣ ራቅ ያለ ማማና እንደ ፍሎሪዳው ያለ ምልክት ይበቃዋል። ጥቅምት ኅዳር ላይ ቡና ሲቀላ አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ቢለቅም፣ ቡና መጀመሪያ የተገኘበት ነው የሚባለውን ጮጬን ቢያይ፣ በለጠ ጫካ ገብቶ ጉሬዛ ቢያይ፣ ማታ የለቀመውን ሳይሆን የደረቀውን ቆልተን ብናጠጣው አምስት ቀን አይበቃውም። አዎ ሽንት ቤት ያስፈልጋል፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ሴቶች ሁሉ ይታዘቡኛል።

ገንዳውን ነገር ደሞ አልረሳሁም። ባለፈው ፋሲካ የጎረቤት ልጆችን ይዤ ስሙ ይቅርና አንድ ሆቴል ገባሁ፣ መግቢያ ከፈልን፣ ከውጭ ምግብ ክልክል ተባልን፣ ይሁን። ጥልቀቱ የትም አልተጻፈም፣ ላይፍ ጋርዱ የቱ ነው ብል አስተናጋጁን አሳዩኝ፣ ቢራ እያመላለሰ ነው። ዋና ይችላል ወይ ብል እየሳቀ "እኔንጃ እማማ" አለኝ። ልጆቹን ልብሳቸውን ሳያወልቁ መለስኳቸው፣ ብሩን ግን አልመለሱልኝም። ገንዳ ያላችሁ ሰዎች፣ መብራት ከመጨመራችሁ በፊት አንድ ዋና የሚችል ሰው ቅጠሩ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለሰፈር ልጆች በትንሽ ብር ዋና ያስተምር።

ይሄን ሁሉ የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ማሙሽ አሁን ስምንት ዓመት ሆኖታል፣ ስልክ ሲደውል ስለ ዲዝኒ አንዱንም ማሽን አንስቶ አያውቅም፣ ከዚያ በኋላ ሄዶ ቁመቱ ደርሶለት ሁሉም ላይ ወጥቷል እኮ! የሚጠይቀኝ ያቺን ፈረስና የለቀቅነውን ዓሣ ነው፣ "አሁን አድጎ ይሆን?" ይለኛል። ለሚመጣው ገና ከእናቱ ጋር ጅማ ይመጣል፣ "አያቴ እናንተ ጋ ፈረስ አለ?" ብሎኝ የአባ ጅፋር አገር ነው እንዴት አይኖርም ብዬ ቃል ገብቻለሁ።

ስለዚህ አዘጋጁ፣ ይሄን ካወጣችሁት ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩልኝ፣ ጅማ ውስጥ ወይ ዙሪያው ረጋ ያለ ፈረስ ያለው፣ ልጅ በሰዓት ሂሳብ የሚያሳፍር ሰው ካለ ለጋዜጣው ይጻፍልኝ። ለስምንት ዓመት ልጅ ነው፣ ቁመቱ ደርሷል፣ ሂሳቡን አማቼ ይከፍላል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ጡረተኛ፣ ከጅማ