ጉዛራን ትኬቱ ላይ አስገቡልን

ይድረስ፦ ለቅርስና ቱሪዝም ጉዳይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

የጎንደር ግንቦች ስለመታደሳቸው ቴሌቪዥኑ ሲያወራ እማዬ ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናዋን እንደያዘች ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ጉዛራስ?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? ጥያቄው የሚመለከተው እርስዎን ነው ብዬ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። ደብዳቤው በግልጽ የሚወጣ ስለሆነ ግን መጀመሪያ ጉዛራን ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላስተዋውቅ።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ አዘዞን፣ ጠዳንና ማክሰኝትን አልፈው እንፍራዝ ይደርሳሉ። እዚያ ከዋናው መንገድ ከፍ ብሎ አንድ ኮረብታ አለ። አናቱ ላይ ክብ ማማዎች ያሉት የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ከግቢው ሆነው ወደ ምዕራብ ሲያዩ ከታች ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ደግሞ ጣና ተዘርግቶ ይታያል። የአፄ ሠርፀ ድንግል ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሡ የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ነበር። ጎንደርን አፄ ፋሲል የቆረቆሯት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። ሠርፀ ድንግል ካለፉ ከ39 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የንጉሥ ከተማ ድንኳን ነበር። ንጉሡ ሲነሳ አገሩ ሁሉ ይነሳል። ሠራዊቱ፣ ካህናቱ፣ ነጋዴው፣ ጠጅ ጣዩ ሳይቀር ድንኳኑን ነቅሎ ይከተላል። ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ይከርማሉ፤ ሲበራ ደግሞ ጉዞ። ያ ሁሉ ድንኳን ሲተከልና ሲነቀል ኖሮ ኖሮ አንድ ንጉሥ በድንጋይ ልቀመጥ ያሉት እዚህ ኮረብታ ላይ ነው። ለእኔ ጉዛራን ጉዛራ ያደረገው ይህ ነው።

አሁን እኔና እማዬ ጉዛራን ለማየት ስላደረግነው ጉዞ ላውጋዎት። የሄድነው መንገዱ እንደልብ ይኬድ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ለሁሉም ሰው ሁልጊዜ ክፍት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሱን ከእርስዎ መሥሪያ ቤት አልጠብቅም።

በዋዜማው ጎንደር ላይ ፋሲል ግቢን ጎበኘን። በቆረጥነው ትኬት የፋሲልን መዋኛም አየን። እማዬ ይህን ወደደችው። «አንድ ከፍለህ ሁለት!» እያለች ትኬቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። አስጎብኚያችን ጎበዝ ወጣት ነበር። የትኛው ንጉሥ የትኛውን ግንብ እንዳሠራ፣ አንበሶቹ የት ይታሰሩ እንደነበር፣ በጥምቀት መዋኛው እንዴት እንደሚሞላ አንድ በአንድ ነገረን። ስለ ጉዛራ ሳነሳበት ግን «እሱ ሩቅ ነው» ብሎ አለፈው።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ተገኘን። ሐሳባችን ደርሶ መልስ ነው። ለሚኒባሱ ረዳት «ጉዛራ አውርደን» አልኩት።

«የምን ጉዛራ?»

«ግንቡ ጋ።»

«አሃ! እንፍራዝ በሉኛ!» አለና በሩን ዘጋው።

ልጁ በዚህ መንገድ ስንቴ እንደተመላለሰ አስቡት። እሱ ላይ አልፈርድም። ረዳት የሚያውቀው ሰው የሚወርድበትን ቦታ ነው። ጉዛራ ብሎ የሚወርድ ከሌለ ስሙን ከየት ያምጣው?

ከዋናው መንገድ ያለው ዳገት ለወጣት ምንም አይደለም። ለእማዬ ግን ጉልበቷ አለ። መሃል ላይ ስንደርስ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘችና ቁጭ አለች። ነጠላዋን እያራገበች «ንጉሡ በበቅሎ ነው የወጡት። አንተ እኔን በእግሬ» አለችኝ። አልተሳሳተችም። ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆየን። ፀሐዩ ከርሮ ቢሆን ኖሮ ጉዞው እዚያ ድንጋይ ላይ ያበቃ ነበር።

ላይ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል። ሰው የለም። ትንሽ እንደቆየን ፍየሎች የሚጠብቅ አንድ ልጅ ብቅ አለ። ቢበዛ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው።

«ቁልፉ ያለው ሰውዬ ለቅሶ ሄዷል» አለን።

ለቅሶ አይቀርም፤ ሰውየውን አልወቅስም። እኔም ብሆን እሄዳለሁ። ግን ክቡር ሆይ፣ የአንድ ቤተ መንግሥት በር የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ባለ አንድ ቁልፍ ሲዘጋና ሲከፈት ትንሽ አይከብድም? ጎረቤት የሞተ ዕለት ታሪክም ይዘጋል ማለት እኮ ነው። ወደ ውስጥ ሳንገባ ተመለስን። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ያየነው ከውጭ ነው።

ይሁንና ከውጭም ብዙ ይታያል። አስጎብኚ ባናገኝም ልጁን አገኘን። ፍየሎቹን ትቶ ግንቡን ዙሪያውን አዞረን።

«ማን ነው የሠራው?» አለችው እማዬ፣ እያወቀች።

«የፋሲል ዘመድ።»

«ሠርፀ ድንግል አይደሉም እንዴ?»

«እኮ እማማ፣ እሳቸው የፋሲል ዘመድ ናቸው!»

እኔ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ግን ልጁ ልክ ነው። ሠርፀ ድንግል የአፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ናቸው። የፋሲል አባት አፄ ሱስንዮስ ደግሞ የልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው። የአንድ አያት ዘር ናቸው። ፍየል ጠባቂው ትምህርት ቤት የተማርኩትን እኔን በለጠኝ።

ከዚያ እማዬ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። አባቷ ግንበኛ ነበሩና ግንብ ስታይ እጇ አያርፍም። በሁለት ድንጋዮች መሃል ያለውን ነጭ ማያያዣ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ትንሽ ዱቄት ጣቷ ላይ ቀረ። አሸተተችው።

«ይሄ ጭቃ አይደለም» አለች።

«በእንቁላል ነው የተቦካው» አለ ልጁ።

«ስንት ዶሮ ቢኖራቸው ነው አንተ!»

የእንቁላሉን ወሬ በስንት ግንብ ስር ሰምቼዋለሁ። ነገሩ ኖራ ነው። እዚህ ላይ ግን የጉዛራ ዋናው እንቆቅልሽ አለ፤ ማንም ለጎብኚ ሲነግረው አልሰማሁም። በኖራ መገንባት በአገራችን የተለመደው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ታዲያ ከእሳቸው በፊት የነገሡት ሠርፀ ድንግል ኖራውን ከየት አመጡት? አንዳንዱ ግንቡ ኋላ ላይ ታድሷል ይላል። ሌላው የለም፣ ሙያው ቀድሞም ነበረ ይላል። የግንበኞቹም ነገር እንዲሁ ያከራክራል፤ የውጭ እጅ ነው የሚል አለ፣ የአገር ሰው ነው የሚል አለ። ይህ ሁሉ ክርክር በእማዬ አውራ ጣት ላይ በቀረችው ነጭ ዱቄት ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ቦታ ጎብኚን ለሰዓታት ያቆያል። የሚናገርለት ሲኖር ነው ታዲያ።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። እድሳቱን ለባለሙያዎች እተዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ስለ ትኬቱ ነው።

ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ሰው የተመዘገበው ጎንደር መሃል ያለው ግቢ ብቻ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ምዝገባው ግን ከግቢው ሌላ የፋሲልን መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ቁስቋምን፣ ጎርጎራን ይዟል። እነሆ ጉዛራም አብሮ አለ። በዓለም መዝገብ ላይ ጉዛራና ፋሲል ግቢ አንድ ቅርስ ናቸው። መዝገቡ አንድ ያደረጋቸውን እኛ በትኬት ለያየናቸው።

ይህን ለእማዬ ስነግራት ነጠላዋ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ትኬት ፈታ አየችው። «ታዲያ እዚህ ላይ ለምን የለም?» አለች። ለዚህም መልስ አልነበረኝም።

ጎንደር ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ጉዛራንም አብሮ ቢያገኝስ? የከፈለበት ነገር ያንገበግበዋል። የከፈልኩበትን ሳላይማ አልሄድም ይላል። አስጎብኚውም «እሱ ሩቅ ነው» ብሎ ማለፍ አይችልም፤ ትኬቱ ላይ ተጽፏላ። ሚኒባሱም ቢሆን ጉዛራ ወራጅ ሲበዛ ስሙን ይለምዳል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ ጎብኚ እኮ ግንቡን በመስኮት እያየ ነው የሚያልፈው! ወርዶ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ፣ እንፍራዝ ላይ ምሳውን ቢበላ፣ ከዚያ ጉዞውን ቢቀጥል መንገዱ አይረዝምበትም።

ሒሳቡ እንደሚያስቸግር ይገባኛል። ቦታዎቹ በአንድ ጽሕፈት ቤት ስር ላይሆኑ ይችላሉ። ገንዘቡ ለማን ይግባ፣ እንዴት ይከፈል የሚል ስብሰባ ይኖራል። ይኑር። ከዚህ ለሚከብድ ነገርም ስብሰባ ተቀምጠን እናውቃለን። መጀመሪያ ላይ በትኬቱ ጀርባ ስሙንና የመንገዱን አቅጣጫ ብቻ ብታትሙም እኔ አመሰግናለሁ።

ትኬት ካለ ደግሞ በሩን የሚከፍት ሰው መኖር አለበት። ሁለት ሰው ይመደብ፤ አንዱ ለቅሶ ሲሄድ ሌላው ይቁም። ከአካባቢው ወጣቶች መካከል ታሪኩን በወጉ የሚናገሩ ይሠልጥኑ። ያ ልጅ ዛሬ በነጻ የሚያወራውን ነገ አድጎ ደመወዝ እየበላ ቢያወራው ምን ነውር አለው? የእንቁላሉን ወሬም አታስተዉት፤ ጎብኚ ይስቅበታል። ግን ከእንቁላሉ ቀጥሎ የኖራው ክርክር ይነገር። «አይታወቅም፣ እየተከራከሩበት ነው» ማለትም ታሪክ ነው። ሰው እንዲያውም እሱን ነው ይዞ የሚሄደው። እማዬ ከፋሲል ግቢ የሰማችውን ግማሹን ረስታዋለች፤ የኖራውን ነገር ግን መንደሩ ሁሉ እስኪሰለቸው አውርታዋለች።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የእማዬ መልእክት ነው፣ እንዳለች ልጽፈው። ደብዳቤውን ሳነብላት «ስለ መቀመጫውስ አልጻፍክም?» አለችኝ። ዳገቱ ላይ ለሽማግሌና ለአሮጊት ማረፊያ አግዳሚ ወንበር ብታስቀምጡ ትመርቃችኋለች። ገንዘብ የለም ከተባለ ደግሞ መሃል ላይ ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ መንገድ እንሠራለን ብላችሁ እንዳታነሱት አደራ ብላለች። በሩ ሲከፈት ተመልሳ ልትመጣ ነው፤ እዚያው ታርፋለች።

ከአክብሮት ጋር
በሩ ተቆልፎ የተመለሰ ጎብኚ