የዛሬ ዝናብ የአየር ንብረት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ የተከፈተው ሬዲዮ «የዛሬው የአየር ንብረት ዝናባማ ነው» ሲል ሰማሁ። ጋዜጦቻችንም እንዲሁ ይጽፋሉ። በጣም ይከነክነኛል። የዛሬ ዝናብ የአየር ሁኔታ ነው። የአየር ንብረት ግን አብዛኛውን ጊዜ የ30 ዓመት መዝገብ ታይቶ የሚታወቅ የአንድ አካባቢ ጠባይ ነው። አንድ ቀን ቀርቶ አንድ ክረምትም አይበቃውም።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን እናስታውስ። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ ሞቀ። ኤልኒኖ የሚባለው ይህ ነው። ባሕሩ ሲሞቅ የነፋሱ ዝውውር ይዛባል፤ ያን ያህል ርቀን ሳለ የእኛም ክረምት ይዳከማል። ያኔ በተለይ በሰሜን ምሥራቅና በምሥራቅ ዝናቡ ከዳ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ኤልኒኖ መጥቶ ይሄዳል። የምድር ሙቀት ከዓመት ዓመት እየጨመረ መሄዱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራናቸው ገበሬው ለየትኛው ይዘጋጅ?

ሌላው «ሚሊ ሜትር» ነው። ባለፈው ነሐሴ ጎኑ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ጣሳ ግቢዬ ውስጥ አስቀመጥኩ። ጠዋት በማስመሪያ ስለካው 23 ሚሊ ሜትር ውሃ ይዟል። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 23 ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ አንድ ባለ 20 ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል። እባካችሁ፣ የዝናብ መጠን ስትጽፉ እንዲህ አድርጋችሁ ንገሩን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ