መውጫው ላይ አድፍጦ የሚጠብቀን ሰው፦ የዲጂታል ጨዋታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራውን የጀመረው በንዴት ነው። ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ብድግ አለ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ቲቸር፣ ስንት ደቂቃ ሙሉ የለቀምኩትን አንድ ፈሪ በአንድ ጥይት በላኝ!» አለ። ጠጋ ብዬ ስክሪኑን አየሁት። መውጫው ጋ ለመድረስ ጥቂት እርምጃ ነበር የቀረው። የገደለው ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እኔም ራሴ ብሆን አላየውም ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቁ ወላጆችና መምህራን ትንሽ ላስረዳ። ዘውጉ ኤክስትራክሽን ሹተር ይባላል። ተጫዋቹ ያጠራቀመውን መሣሪያ፣ ጥይትና መድኃኒት ይዞ ካርታው ውስጥ፣ ማለትም የጨዋታው ሜዳ ውስጥ፣ ይገባል። እዚያ ዕቃ ይለቅማል። ልጆቹ «ሉት» ይሉታል። ከዚያ ሰዓቱ ሳያልቅ ከተወሰኑት መውጫዎች አንዱ ጋ ደርሶ፣ ጥቂት ሰከንድ ቆሞ ይወጣል። በሰላም ከወጣ የለቀመው ሁሉ የእሱ ነው። ከሞተ ግን የለቀመውም፣ ከቤቱ ይዞት የገባውም አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ዘውጉን ያስተዋወቀው ኢስኬፕ ፍሮም ታርኮቭ ነው፤ ዝግ የሙከራ ሥሪቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው የተለቀቀው። ከዚያ ሀንት ሾውዳውን መጣ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አርክ ሬይደርስ። የእኛ ልጆች የሚጫወቱት በስልክ ነው፤ አሬና ብሬክአውትንና የፐብጂ ሞባይልን ሜትሮ ሮያል። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች ታርኮቭን አይችሉትም።

ደፈጣው የሚመጣው ከዚህ ሕግ ነው። ሁሉም ሰው በመጨረሻ ወደ መውጫ ይሄዳል። መውጫው ደግሞ የት እንዳለ ይታወቃል። ስለዚህ አንዱ ቀድሞ ሄዶ ይተኛል፤ ሌላው ደክሞ የለቀመውን ይዞለት እስኪመጣ ይጠብቃል። ልጆቹ «ካምፐር» ይሉታል። በዓመቱ ውስጥ ይህን ቃል የሰማሁትን ያህል ሌላ ቃል አልሰማሁም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት ስለ ደንባችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክበቡ የሚቀበለው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ብቻ ነው፤ የወላጅ ፈቃድም እንጠይቃለን። ከሁሉ በላይ የማጠብቀው ግን የጆሮ ማዳመጫን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹ ድምፁን ለቀውት ሲጫወቱ የጽዳት ሠራተኛችን መጥረጊያዋን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። እጇ ይንቀጠቀጣል። «ምንድን ነው የተኮሰው? ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በከተማችን የተኩስ ድምፅ ቀልድ አይደለም። ልጆቹ አንድ በአንድ ተነስተው «እትዬ ይቅርታ» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ማዳመጫ የተከፈተ ጨዋታ የለም።

በኅዳር ወር አንድ ሙሉ ቅዳሜ የተከራከርነው ማድፈጥ ነውር ነው ወይስ አይደለም በሚል ነበር። አብዛኞቹ ነውር ነው አሉ። አንዱ፣ «አኩኩሉ ስንጫወት እንኳ ቆጣሪው ከግንዱ ሳይርቅ ከቆመ ጨዋታ የለም እንለዋለን» ብሎ ሁሉንም አሳመነ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ የተቀመጠች የ12ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ካምፐሯ እኔ ነኝ» አለች። የምትጫወተው ብቻዋን ነው። የሚገጥሟት ብዙ ጊዜ ተደራጅተው የሚገቡ ናቸው። ስልኳ አሮጌ ነው፤ ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲተኩስ ስክሪኑ ቀጥ ይላል። «ሜዳ ላይ ከገጠምኳቸው ሁሌም እሞታለሁ። ተኝቼ ከጠበቅኩ ግን አንዳንዴ እወጣለሁ» አለች። የመለሰላት አልነበረም።

እኔ እዚህ ላይ አቋም አለኝ። ማድፈጥ ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበር በግድግዳ ውስጥ የሚያሳይ ፕሮግራም ጭኖ መግባት ነው፤ እሱን ሪፖርት ማድረግ ተገቢ ነው። ያደፈጠው ሰው ግን ሕጉ የሚፈቅድለትን አደረገ፤ ጊዜውንም ከፈለበት። ስድብ አይገባውም። የሚገባው ጥሩ መልስ ነው።

መልሱን ፍለጋ አንድ ደብተር ከፈትን። የሞተ ሁሉ የት እንደሞተ፣ በየት በኩል እንደመጣ፣ ከመሞቱ በፊት ምን እንደሰማ ይጽፋል። እስከ ጥር ድረስ ደብተሩ ሞላ። ስናነበው አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው የሞቱት። ቦርሳቸው ሞልቷል፣ ደስ ብሏቸዋል፣ ከመጨረሻው ሕንጻ ወደ መውጫው ቀጥ ብለው እየሮጡ ነው። «ምን ሰማህ?» የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ «ምንም» ብለው ጽፈዋል። የሚሮጥ ሰው ከራሱ ኮቴ ሌላ ምን ሊሰማ ይችላል? የተኛው ግን የእሱን ኮቴ ከሩቅ ይሰማል።

ስለዚህ መቆምን ተለማመድን። መውጫው ከመታየቱ በፊት ጋደም ትላለህ፤ ሁለት ደቂቃ ታዳምጣለህ። ያደፈጠውም ሰው ነው፤ ይሰለቻል፣ ጥይት ይቀይራል፣ ሣሩን ያንኮሻኩሻል። ለዚህ ደግሞ ሰዓት ያስፈልጋል። መልቀሙን ቀደም ብሎ ማቆም ለልጆቹ ከሁሉም የከበዳቸው ነገር ነበር። «ቲቸር አንድ ክፍል ብቻ!» ይሉኛል።

የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ ሰሌዳውም አልቀረም። የሁለቱም ተጫዋቾች ፒንግ፣ ማለትም መልእክት ከስልኩ ወደ ሰርቨሩ (ጨዋታውን ወደሚያገናኘው ኮምፒውተር) ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ 150 ሚሊ ሰከንድ ነው እንበል። የአንዱ እንቅስቃሴ ሰርቨር ለመድረስ 75፣ ከሰርቨር ወደ ሌላው ስልክ ለመድረስ ሌላ 75 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ሰው በዚያ ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የቆመው ግን ቦታውን ስለማይለውጥ የሚዘገይ እንቅስቃሴ የለውም። ማለት ከጥግ ብቅ የሚለው ሰው ቆሞ የሚጠብቀውን ቀድሞ ያየዋል፤ የቆመው የሚያየው ዘግይቶ ነው። ልጆቹ ማመን አቃታቸው። ካምፐሩ ሁሉን ቻይ ይመስላቸው ነበር። ይህ የሚጠቅመው ግን የት እንዳለ ካወቅከው ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ማዳመጡ የሚቀድመው።

በየካቲት ፋሲል ግቢ ሄድን። ወላጆች ጉብኝት መስሏቸው ነበር፤ ለእኛ ግን ትምህርት ነበር። ግቢውን የሚከበው አጥር 900 ሜትር ያህል ነው፤ 12 በሮች አሉት። እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ራስ በር፣ እርግብ በር እያልን ዞርን። በየበሩ አንድ ልጅ ከውጭ ይደበቃል፤ ሌላው ከውስጥ ይወጣል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እነሱ ግን ምሳ እንኳ አላስታወሱም። አንደኛው እልፍኝ በር ጋ ቆሞ ወደኋላ ዞር አለና፣ «እኔ አንዱን ብጠብቅ 11ዱ ባዶ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ካርታ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ሁለተኛ መውጫቸውን መምረጥ ለመዱ። አንዳንዱ መውጫ ገንዘብ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ቦርሳ ያስጥላል። ደብተሩ ላይ እነዚህን የሚጠብቅ ሰው እምብዛም አላገኘንም።

ሌላው ለውጥ መነገር ያለበት ነው። ብታጣው የሚያንገበግብህን ዕቃ ይዘህ አትግባ የሚል ስምምነት አደረግን። ርካሽ መሣሪያ ይዞ የገባ ልጅ ሲሞት ስልክ አይወረውርም። እኔ በበኩሌ ንዴቱን የቀነሰው ከምክሬ ሁሉ ይልቅ ይህ ነው እላለሁ። ለካምፐሯ ተማሪም ሁለት ጓደኞች ተገኙላት። አሁን ካምፐር የት ሊደበቅ እንደሚችል የምትጠቁማቸው እሷ ናት። የሚያደፍጥ ሰው የሚያስበውን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ለሚቀጥለው ዓመት የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልገናል፤ አራቱ ተበላሽተዋል። ደብተሩም አልቋል።

የመጨረሻውን ገጽ የጻፈው ያ ጥቅምት ላይ ስልኩን የወረወረው ልጅ ነው። በሰኔ መጀመሪያ፣ ቦርሳው ሞልቶ፣ መውጫው አጠገብ ከፈረሰ ግድግዳ ጀርባ ተኛ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጠበቀ። እኔ ከኋላው ቆሜ ትንፋሼን ይዤአለሁ። ምንም አልተሰማም። ተነስቶ በእርጋታ ገባ። ቆጠራው ሊያልቅ ሲል ከላይ ተተኮሰበት፤ ወደቀ። ማዳመጫውን አውልቆ ለሚቀጥለው ልጅ ሰጠና ደብተሩን ሳበ። «በቀኝ በኩል ያለውን ጣሪያ አላየሁትም። ልጁ ጎበዝ ነው።» ብሎ ጻፈ።