የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ዳቦ ይሻግታል፣ ወተት ይኮመጥጣል

ዳቦ ይሻግታል፤ ወተት ይኮመጥጣል፤ ሥጋ ይገማል፤ ቲማቲም ይበሰብሳል። ለየብልሽቱ የተለየ ግስ መኖሩ ተገቢ ነው፤ አበላሾቹም የተለያዩ ናቸውና። ክበቡ ዘንድሮ የመረመረው ይህንኑ ነው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ምግቦች ብልሽታቸው ለምን ይለያያል?

ሥራው በዳቦ ተጀመረ። አንድ ቁራሽ እስኪደርቅ ተጠበሰ፤ በሌላው ላይ 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ተረጨ፤ ሁለቱም በየከረጢታቸው ታሸጉ። በመጀመሪያው ዙር አንዱም አልሻገተም። ምክንያቱ በዳቦው መለያ ላይ ተጽፎ ነበር፦ ካልሲየም ፕሮፒዮኔት፣ ሻጋታ እንዳያድግ የሚጨመር ቅመም። ቅመም በሌለበት ዳቦ ሲደገም እርጥቡ ጥጥ የመሰለ ነጭ ክር፣ ቀጥሎም ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። ይህ ራይዞፐስ የተባለው ሻጋታ ነው፤ ጥቁሩ ስፖሩን፣ ማለትም ሻጋታው የሚራባበትን ደቃቅ ዘር መሰል ቅንጣት፣ የያዘው ከረጢት ነው። ደረቁ ቁራሽ ውኃ ስላጣ እንዳለ ቆየ።

ከሁሉ ብዙ ያስተማረው ወተት ነው። ጥሬ ወተትና 10 ደቂቃ የፈላ ወተት፣ 100 ሚሊ ሊትር በየብልቃጡ ተቀመጠ። የጥሬው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ6.6 ገደማ ተነሥቶ ወደ 4.6 ሲወርድ ወተቱ ረጋ፤ ላክቲክ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ለውጠውት ነው። የፈላው ዘግይቶ ረጋ፤ ፒኤቹ ግን ብዙም አልወረደም፣ ሽታውም የኮመጠጠ ሳይሆን የሚከረፋ ነበር። መፍላት አሲድ ሠሪዎቹን ይገድላል፤ ባሲለስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ስፖሮች (በጠንካራ ሽፋን ተኝተው የሚቆዩበት መልክ) ግን 100 ዲግሪን ይቋቋማሉ። በኋላ ነቅተው ሲያድጉ ፕሮቲኑን በኢንዛይም ይቆርጡታል፤ ወተቱም ሳይኮመጥጥ ይረጋል። ከፈሉት አንዱ ብልቃጥ ግን ኮመጠጠ። ፒኤች ለመለካት በየቀኑ ይከፈት ስለነበር አዲስ ባክቴሪያ ገብቶበታል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ የመለኪያ ቀን የየራሱን ብልቃጥ ማዘጋጀትና አንዴ የተከፈተውን ከሙከራው ማውጣት ነው።

ቲማቲሙ አሲዳማ በመሆኑ ከባክቴሪያ ይልቅ ሻጋታ ቀደመበት። የተሰነጠቀው ቀድሞ በሰበሰ፤ ልጣጩ ጋሻው ነውና።

ሥጋ ክፍል ውስጥ እንዲበላሽ አልተደረገም፤ ለተማሪዎች አደገኛ ነው። በውይይት ግን ታይቷል። በየ20 ደቂቃው የሚራባ አንድ ባክቴሪያ በ7 ሰዓት ከ2 ሚሊዮን ያልፋል። የሥጋን ፊት የሚወርሩት መጀመሪያ ግሉኮሱን ይጨርሳሉ፤ ግማቱ የሚመጣው ወደ አሚኖ አሲዶቹ (ፕሮቲን የሚገነባባቸው ክፍሎች) ሲዞሩ፣ ቁጥራቸው በካሬ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊዮን አካባቢ ሲደርስ ነው። ሳልሞኔላን የመሰሉ በሽታ አምጪዎች ደግሞ ምንም ሽታ ሳይፈጥሩ ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ አሽትቶ ደኅና ነው ማለት አይቻልም።

የሻገተው ዳቦ ከረጢት እስከ መጨረሻው አልተከፈተም፤ ስፖሩ ወደ ሳንባ ይገባል። ብልቃጦቹ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበጥብጦ 30 ደቂቃ ከተዘፈዘፉ በኋላ ታጠቡ። ለሚቀጥለው ዓመት የታቀደው 2፣ 5 እና 10 በመቶ ጨው በተጨመረበት ወተት ሙከራውን መድገም ነው።