ስለማያብበው ቡገንቪሊያሽ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የላክሽልኝን የበረንዳሽን ፎቶግራፍ ደጋግሜ አየሁት። ቡገንቪሊያው ለምልሞ፣ ሐረጉ የበረንዳውን ብረት አልፎ ወደ ጎረቤት ሊሻገር ደርሷል፤ አበባ ግን አንድም የለበትም። «በየቀኑ እያጠጣሁት፣ በየወሩ ፍግ እየጨመርኩለት ለምን አያብብም?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። የማያብበው በየቀኑ ስለምታጠጪውና በየወሩ ፍግ ስለምትጨምሪለት ነው።

ይህ ተክል ከብራዚል፣ ከፔሩና ከዚያው አካባቢ የመጣ፣ በጋ እና ዝናብ የሚፈራረቁበትን አገር የለመደ በመሆኑ፣ ውሃ ጠፍቶበት ጥቂት ሲጨነቅ ያብባል፤ ውሃና ከፍጉ የሚያገኘው ናይትሮጅን ሲትረፈረፍለት ግን ቅጠልና ሐረግ ብቻ ያበዛል። ስለዚህ ፍጉን ለጊዜው ተዪው። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተሽ ደረቅ ሆኖ ካላገኘሽው በቀር አታጠጪ፤ ስታጠጪም ውሃው ከጣሳው ሥር እስኪወርድ ድረስ አጠጥተሽ እንደገና እስኪደርቅ ተዪው። ከሥሩ ያስቀመጥሽውንም ሳህን አንሺው፤ ውሃ የተኛበት ሥር ይበሰብሳል። ቅጠሉ ትንሽ ጠውለግ ቢል አትደንግጪ።

ፀሐይ ደግሞ በቀን ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰዓት በቀጥታ ሊያገኘው ይገባል። ጣሳው የተቀመጠው ከልብስ ማስጫሽ ሥር ስለሆነ፣ አንሶላ በሰጣሽ ቁጥር ጥላ ትጥይበታለሽ። ወደ ብረቱ አስጠጊው።

አበባው የሚወጣው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ የረዘሙትን ሐረጎች ሲሶ ያህል ቁረጪ። ጓንት ሳታደርጊ እንዳትነኪው፤ እሾሁ ቀላል አይደለም።

ወደ ትልቅ ጣሳ ላዛውረው ካልሽ የእኔን ስህተት አትድገሚ። ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሽ ቤት ስንቀይር የእኛን ቡገንቪሊያ ግንዱን ይዤ ብጎትተው አፈሩ ተራገፈ፣ ሥሩ ተበጣጠሰ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ደረቀ፤ እናትሽ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። ሥሩ መነካካት ፈጽሞ አይወድም። ጣሳውን በጎኑ ቀደሽ አፈሩ ሳይፈርስ እንዳለ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ አስቀምጪው።

ከቆረጥሻቸው መካከል የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን መርጠሽ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አድርገሽ፣ ቅጠላቸውን አራግፈሽ፣ ሁለቱ አንጓ አፈር ውስጥ እንዲገባ አድርገሽ ጥላ ሥር ትከያቸው። እነዚህ ብቻ እርጥበት አይለያቸው። ሥር ለማውጣት ሁለት ወር ያህል ሊፈጅባቸው ስለሚችል፣ «ያዘ ወይስ አልያዘም?» እያልሽ አትንቀያቸው፤ ደግሞም ሁሉም ስለማይጸድቁ አምስት ስድስት አድርጊያቸው።

ሲያብብ አንዱን ቀጥፈሽ ቀረብ አድርገሽ እዪው። አበባ የምንለው ባለቀለሙ፣ እንደ ወረቀት የሳሳው ነገር ቅጠል ነው፤ እውነተኞቹ አበቦች በሦስቱ ቅጠሎች መካከል የቆሙት ቀጫጭን ነጫጭ ቱቦዎች ናቸው። ስሙም ከፈረንሳዊው መርከበኛ ከቡገንቪል የተወሰደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1767 ጉዞው ሪዮ ዴ ጃኔሮ በደረሰ ጊዜ የዕፅዋት ተመራማሪው ኮሜርሶን ተክሉን አገኘው ይባላል። ኮሜርሶን ግን እግሩን ይታመም ስለነበር፣ ወንድ መስላ ለብሳ በረዳትነት አብራው የተጓዘችው ዣን ባሬ ሳትሆን አትቀርም የሰበሰበችው የሚሉ አሉ። እኔም ወደዚያው አዘነብላለሁ፤ በእሾህ መካከል የሚገባው ሁልጊዜ ረዳቱ ነው።

ለገና ስትመጪ ሁለት ሦስት ቁራጭ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልለሽ አምጪልኝ። ሻጩ ብርቱካናማ ነው ብሎ የሸጠልሽ እውነቱን እንደሆነ እስከዚያ ሳይታወቅ አይቀርም።

አባትሽ